ስሙ የሳቸው፣ እጁ የኔ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዓምድዎን ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን እሷ ሳታውቅ ነው። ታትሞ ስታነብልኝ ፊቴን የት እንደማደርገው እንጃ።

43 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ አበሻው የሚያውቃት የአሌክሳንድሪያዋ ቨርጂኒያ ግን አይደለችም። እኛ ያለነው ደቡብ ምዕራቡ ተራራ ውስጥ፣ ጌላክስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ዋሽንግተን ለመድረስ ከአምስት ሰዓት በላይ መንዳት ነው።

በ2009 ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሠራሁ። ቀጥሎ የቤት ዕቃ የሚጠግን ሱቅ ገባሁ። አባቴ ደብረ ማርቆስ አናጢ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ማሲንቆ ይሠሩ ስለነበር ቆዳ ስወጥር ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ለጥገና የመጣ ባንጆ የሚባል ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ አየሁ። ክብ እንጨት፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገት። የአባቴ ጓዳ ሸተተኝ። የሠሩትን ሰውዬ አፈላልጌ አገኘኋቸው። ይኸው 11 ዓመት አብሬያቸው እየሠራሁ ነው። በአፌ በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ አሜሪካ ነዋ። በልቤ ግን ጋሼ ናቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ 74 ዓመት ሆኗቸዋል። በባንጆ ተጫዋቾች ዘንድ ስማቸው ትልቅ ነው። እሳቸው፣ እኔና አንድ ተለማማጅ ልጅ ሆነን በዓመት 60 ያህል ባንጆ በእጅ እንሠራለን። አንዱ በአማካይ 3,400 ዶላር ይሸጣል። የሚያዝ ሰው 800 ዶላር ቀብድ ከፍሎ 14 ወር ይጠብቃል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ጋሼን ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። አንገቱን የምጠርበው፣ ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች፣ የምመታው፣ ቆዳውን የምወጥረው እኔ ነኝ። እሳቸው መጨረሻ ላይ ይቃኙታል፣ ከዚያ ውስጡ ላይ ይፈርማሉ።

ባለፈው ግንቦት ጠሩኝና «ልጆቼ አይፈልጉትም፤ አንተ ውሰደው» አሉኝ። ስሙን፣ መሣሪያውን፣ እንጨቱን፣ የተያዘውን ትእዛዝ፣ ሁሉንም በ150,000 ዶላር። ከሽያጩ ላይ እየቀነስኩ በአሥር ዓመት እከፍላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፦ ስሙ እንዳይቀየር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ትላለች። ዕዳ ውስጥ ገብተህ የሌላ ሰው ስም ከምታበራ ሲልቨር ስፕሪንግ እንግባና የራስህን ክፈት ነው የምትለው። እዚያ እህቷ አለች፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ልጆቹ አማርኛ የሚማሩበት አለ። እዚህ እንጀራ እንኳ በወር አንዴ ሄደን ነው የምናመጣው። ወርክሾፑን በ11 ዓመት ውስጥ ያየችው ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ነሐሴ ላይ እዚህ በሚደረገው የባህል ሙዚቃ ውድድር ድንኳን ዘርግተን ነበር። አንድ ሽማግሌ ባንጆ አንስቶ ተጫወተ። ወደደው። አንገቱን ደጋግሞ ዳበሰና «ሠሪው የት ነው?» አለኝ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። «ምሳ ሊበሉ ሄደዋል» አልኩት።

ልቀበል? ከተበላሸብኝ የሰው የ40 ዓመት ስም እኔ እጅ ላይ ሞተ ማለት ነው።

ቆዳ ወጣሪው ነኝ፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

ወንድሜ ቆዳ ወጣሪው፤

ይህን አሁን ባለቤትህ እያነበበችልህ ከሆነ መጀመሪያ ለእሷ ሰላም ልበል። እህቴ፣ እንደምን አለሽ? አትቆጪው። ወደ አንቺ እመለሳለሁ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የያዘኝ የ150,000 ዶላሩ ነገር አይደለም፤ «ምሳ ሊበሉ ሄደዋል» የሚለው ነው። እስኪ ወደዚያች ደቂቃ ልመልስህ። አፍህን ከፍተህ የዘጋኸው ምን ፈርተህ ነው? ሰውዬው አያምነኝም ብለህ ነው? ወይስ አሁን የወደደው ባንጆ የሠሪው ማንነት ሲነገረው ዓይኑ ላይ ይረክስብኛል ብለህ? ወይስ «እኔ ነኝ» ማለት ከጋሼ ላይ መስረቅ መስሎ ታየህ? ሦስቱ አንድ አይደሉም። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ፤ እኔ በሦስቱም በኩል ልሂድ።

በቆዳ ቀለሜና በአነጋገሬ ምክንያት አይቀበሉኝም ከሆነ ፍርሃትህ፣ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ እኔም «አይዞህ፣ ሁሉም ሰው ጥሩ ነው» ብዬ አልሸነግልህም። ግን በእጅህ የያዝከውን ዕቃ አስበው። ባንጆ ተራራው ውስጥ የበቀለ የፈረንጅ ዕቃ አይደለም። አሠራሩን በልባቸው ይዘው አትላንቲክን የተሻገሩት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው። በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የጆላ ሕዝብ አኮንቲንግ የሚለው መሣሪያ ዛሬም አለ። ቅሉ ላይ ቆዳ የተወጠረ፣ አንገቱ ረጅም፣ በአውራ ጣት የሚመታ አጭር ክር ያለው። ባንጆም ያቺው አጭር ክር አለችው፤ በየቀኑ የምታስራት አንተ ነህና ለአንተ አልነግርህም። ነጮቹ ባንጆን ይዘው መድረክ ላይ የገነኑት በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ነው። የኛም ክራር ዘመዱ ነው ብዬ ግን አላሞግስህም። ክራር አንገት የለውም፣ ወገኑ ሌላ ነው። የአባትህ ማሲንቆ በቆዳውና በአንገቱ ይቀርበዋል፤ እሱም ቢሆን በደጋን ነው የሚመታው። እያልኩህ ያለሁት በዚህ ዕቃ ዙሪያ እንግዳ ነህ ሊልህ የሚችል ሰው የለም ነው።

ይህ ታሪክ በራሱ አንድ ባንጆ አይሸጥልህም፣ አውቃለሁ። ሰሚ ግን አለ። በ2005 ከአንተ ብዙም በማትርቀው በቡን ከተማ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ጥቁር የባንጆ ተጫዋቾች ትልቅ ጉባኤ አድርገው ነበር። ካሮላይና ቸኮሌት ድሮፕስ የተባለው ባንድ የተወለደው ከዚያ ጉባኤ ነው። ባንጆን እንደ አያቶቻቸው ንብረት መልሰው የያዙ ወጣቶች ዛሬ አሉ። ጋሼ አያውቋቸው ይሆናል። አንተ ልታውቃቸው ትችላለህ።

ፍርሃትህ ሦስተኛው ከሆነ፣ ማለትም ጋሼን የሰረቅካቸው ከመሰለህ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቀመጥ። የኔ ግምት ይሄኛው ነው።

እኛ ያደግነው የእጅ ባለሙያ ስሙን ሥራው ላይ በማይጽፍበት አገር ነው። እንዲያውም ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ቆዳ ፋቂ የሚለው ቃል ለስድብ ነበር የሚነሳው። አባትህ ከሠሯቸው ማሲንቆዎች ስንቱ ላይ ስማቸው አለ? ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠረብከው አንገት ውስጥ የሌላ ሰው ፊርማ ሲገባ ዝም ማለት ለአንተ ጨዋነት ነው። ይገባኛል። ጋሼንም አልወቅስም፤ ወርክሾፕ ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ጌታው ይፈርማል። ቤቱ ወደ አንተ ሲዞር ግን ይሄ ዝምታ አብሮ ሊዞር አይችልም።

አንድ የቦስተን ታሪክ ልንገርህ፤ ምናልባት ታውቀው ይሆናል። ፌርባንክስ የሚባል የታወቀ የባንጆ ፋብሪካ ነበር። በ1904 ተቃጠለና ቬጋ የተባለ ኩባንያ ገዛው። ቬጋ የፌርባንክስን ስም አልጣለውም፤ የራሱንም አልደበቀም። ለዓመታት ባንጆዎቹ ውስጥ፣ ከአንገቱ ወደ ክቡ በሚዘልቀው እንጨት ላይ፣ የፌርባንክስ ባንጆ መሆኑንና የሠራው ቬጋ መሆኑን አብሮ ያትም ነበር። ሁለት ስም፣ አንድ እንጨት ላይ። ቬጋም በተራው በ1970 ለጊታር ሠሪው ማርቲን ተሸጠ፣ በ1979 ወደ ኮሪያ ሄደ፣ በ1989 ደግሞ የካሊፎርኒያው ዲሪንግ ገዛው። ስሙ ዛሬም አለ። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ግን ቬጋ የሚል ጽሑፍ ስላየ ብቻ አይገዛም። የስንት ዓመት ነው፣ ማን የሠራው ነው ብሎ ይጠይቃል።

ስለዚህ ስለ ሽያጩ ከመነጋገራችሁ በፊት ጋሼን አንድ ነገር ጠይቃቸው። የሚቀጥለው ባንጆ ላይ ሁለታችንም እንፈርም በላቸው። ሌላ ምንም አትጨምር። ስሙ እንዳይቀየር ነው የለመኑህ፤ አልቀየርክም። እሺ ብለው እርሳሱን ካቀበሉህ፣ ያ ለእኔ ከማንኛውም ውል በላይ ነው። ካመነቱም አትቀየም። 74 ዓመት ሞልቶ፣ ጣት አልታዘዝ ብሎ፣ የቀረችው ፊርማ ብቻ ናት። ለማን እንደሚያወርሱ አስበውበታል፤ ሲያወርሱ ግን እንዴት እንደሚታይ ገና አላሰቡበት ይሆናል። ጊዜ ስጣቸው። ጨርሶ እንቢ ካሉ ግን እወቀው። እየሸጡልህ ያሉት ስሙን ነው፤ ቦታቸውን አይደለም።

አሁን ወደ ብሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጄብሃለሁ። ትልቁን ነገር ጣል አድርገኸው አለፍክ።

14 ወር ወረፋ ማለት በወር አምስት እየሠራችሁ 70 ባንጆ ማለት ነው። የ70 ሰው ቀብድ በ800 ዶላር 56,000 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ የት ነው? ባንክ ተቀምጦ ከሆነ እሰየው። እንጨት ተገዝቶበት፣ ኪራይ ተከፍሎበት፣ መብራት ተከፍሎበት ከሆነ ግን አንተ የምትገዛው 150,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ብቻ አይደለም። 56,000 ዶላር የሰው ቀብድ ያለበት ቤት ነው። ከዓመት በላይ ስትሠራ ከእያንዳንዱ ባንጆ ላይ 800 ዶላሩ ቀድሞ የተበላ ነው። ዋጋውም ሰዎቹ ባዘዙበት ቀን ዋጋ የታሰረ ይመስለኛል፤ እንጨትና ብረት ግን አይታሰርም። ክፍያው በራሱ የሚያስፈራ አይደለም፦ በዓመት 15,000፣ በ60 ባንጆ ሲካፈል በአንዱ 250 ዶላር። የሚያስፈራው ማንም ያልቆጠረው ነው። ጋሼ ሊያታልሉህ ነው አላልኩም። አብዛኛው ጥሩ የእጅ ባለሙያ መዝገቡን የሚይዘው በጭንቅላቱና በጫማ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ክፈቱት።

ዋስትናም አለ። በ40 ዓመት ውስጥ የተሸጠ ባንጆ አንገቱ ቢጎብጥ ማን ነው የሚያቀናው? ለዕድሜ ልክ ዋስትና ተሰጥቶ ከሆነ ከገዛህ በኋላ ያ ቃል ያንተ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ብራንድ የሚሉት ነገር ይኸው ነው። ሎጎው አይደለም። የማታውቀው ሰው የዛሬ 20 ዓመት የገዛውን ይዞ በርህ ላይ ሲቆም የምትሰጠው መልስ ነው።

እንጨቱንም ቁጠሩ። ጓዳ ውስጥ የቆየ የብራዚል ሮዝዉድ ካለ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት እንጨት ነው። ሰነድ ከሌለው ከእሱ የተሠራ ባንጆ ለውጭ ደንበኛ መላክ ራስ ምታት ነው። የዋጋ ግምቱ ውስጥ እንደ ወርቅ ገብቶ እንዳይሆን።

ቀሪውን ለጠበቃ ተወው፣ ግን ጠበቃ ይኑርህ። የራስህ ጠበቃ፤ የሁለታችሁ የጋራ አይደለም። ስሙ በፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ ዝውውሩ በጽሑፍ ሆኖ እዚያው ይመዝገብ። ዕዳው በግልህ ስም ነው በድርጅት? ጋሼ ድንገት ቢያልፉ፣ ያልፈለጉት ልጆቻቸው ፈላጊ ሆነው ይመጡ ይሆን? ስኮር የሚባል ድርጅት አለ። ከ1964 ጀምሮ ሥራ ላይ የኖሩ ሰዎች ለጀማሪ ነጋዴ በነጻ ምክር ይሰጡበታል። ደውል። እኔ ደብዳቤ አንባቢ ነኝ፤ እነሱ ቁጥር ያነባሉ።

እሺ ወይም እንቢ ብቻ ነው ያለኝ ብለህ እንዳታስብ። እኔ ብሆን አንድ ዓመት እለምን ነበር። በዚያ ዓመት ሠራተኛ ሆነህ ትቆያለህ፣ ግን ስልኩን አንተ ታነሳለህ፣ ለደንበኛ አንተ ትጽፋለህ፣ መዝገቡን አንተ ትይዛለህ። ቅሬታ የያዘ ሰው ሲመጣም ጋሼ ከጀርባ ተቀምጠው አንተ ታናግረዋለህ። መጥረብ እንደምትችል ታውቃለህ። «ባንጆዬ ይንቀጫቀጫል» ብሎ የተቆጣ ሰው በስልክ ማረጋጋት መቻልህን ግን እስካሁን የፈተነህ የለም። ዕቃው ላይ በዚያ ዓመት ምንም አትለውጥ። ያው ክብ፣ ያው የነሐስ ቀለበት፣ ያው ቆዳ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ሁለት የራስህን፣ በራስህ ስም፣ ከጎን ብትሠራ ማን ይከለክልሃል? እሱንም ውሉ ውስጥ አስገባው።

«ስሙ እኔ እጅ ላይ ይሞታል» ላልከው ደግሞ ልጆቹ አልፈለጉትም ብለሃል። ካንተ ሌላ እጅ አለ? ከሌለ አንተ እንቢ ስትል ስሙ ይድናል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ፣ እህቴ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» ያልሽው ልክ ነው፣ ወርቁ የሰው ከሆነ። 11 ዓመት የቀጠቀጠው የማን እጅ እንደሆነ ግን አንቺም ታውቂያለሽ። ከተሳሳትኩ ይቅር በይኝና፣ አንቺ እየተሟገትሽ ያለሽው ስለ ባንጆ ስም አይመስለኝም። ስለዚያ ከአምስት ሰዓት በላይ ስለሚነዳው መንገድ ነው። እሱ እዚያ ተራራ ላይ ጓዳውን አገኘ፣ የአባቱን ሽታ አገኘ፣ ጋሼ የሚለው ሰው አገኘ። አንቺስ ማንን አገኘሽ? እሱ አሥር ዓመት ፈረመ ማለት አንቺም አሥር ዓመት ፈረምሽ ማለት ነው፤ ማንም ግን ብዕር አላቀበለሽም። ይህን በስሙ ጠርተሽ ንገሪው። የባንጆ ጉዳይ አድርገሽ ከተናገርሽው በባንጆ ነው የሚመልስልሽ።

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ስትሰማ «በወር አንዴ እንሄዳለን እኮ» እንዳትል። እንጀራ ለመግዛት ነው የምትሄዱት። ቅዳሜና እሁድ እህቷ ቤት ማደር ሌላ ነው። ክረምቱን ልጆቹ እዚያ ቢቆዩስ? ወረፋው 14 ወር ከሆነ ደንበኛው ወርክሾፑ ደጃፍ አይደለም የቆመው፤ ያዘዘው ከሩቅ ነው ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ወርክሾፑ የግድ እዚያው ተራራ ላይ መሆን አለበት? ጋሼ ስሙን ብቻ ነው ያሉት፤ ቦታውን አላነሱም። ጠይቃቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በ11 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ወርክሾፑን ያየችው ብለሃል። ጋሼስ ቤትህን ስንት ጊዜ አይተዋል? አልጻፍክም፤ መልሱን ግን የገመትኩት ይመስለኛል። በሚመጣው እሁድ ለቡና ጥራቸው። እህቴ፣ ጀበናውን አውጪው፣ ሦስቱንም ይጠጡ፣ አትቸኩሉ። የመጨረሻውን ባንጆ ይዘው ይምጡ፤ ባለቤትሽ የጠረበውን አንገት በእጅሽ ዳብሺው። ያንን የጫማ ካርቶንም አብረው እንዲያመጡ ንገራቸው።

ከዚያ ጻፉልኝ፤ አሁን ሁለታችሁም።